አስታርቀን የቀበርናቸው

ሽማግሌዎች ሆይ፣ የዛሬው ለእናንተ ነው። ለገዳዩ አይደለም፤ ከእሱ ጋር ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ይነጋገሩ። ለእናንተ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላችሁን አጣፍታችሁ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ የእህቷን ደጅ ለጠናችሁት፣ «ለደግ ነው የመጣነው» ብላችሁ ለተቀመጣችሁት፣ ቡናችሁን ጠጥታችሁና መርቃችሁ ስታበቁ ሻንጣዋን አንስታችሁ ወደ ሸሸችው ቤት ለመለሳችኋት። ጥቂት ቆይቶም ያንኑ ነጠላ ዘቅዝቃችሁ ድንኳኗ ውስጥ ለተገኛችሁት።

ክፉ ሰዎች እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ክፉ ብትሆኑ ይህን መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር፤ ክፉ ሰው ደጅ ላይ ሲቆም በር ይዘጋበታል። ለእናንተ ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ እናቷም አባቷም ከመቀመጫቸው ይነሡላችኋል። ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ለቅሶ ደርሳችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን ወሬ ታውቁታላችሁ። «ድንገት ነው» ይባላል። «ማን ያስብ ነበር?» ይባላል። «ሰይጣን እኮ ነው» ይባላል። በማግስቱ ምላስ ይፈታል። ጎረቤቲቱ ሌሊት ሌሊት ጩኸት ትሰማ ነበር። አብራት የምትሠራው ልጅ አንገቷ ላይ ያለውን ሰንበር በሻርፕ ስትሸፍን አይታለች። ወንድሟ «ጥለሽኝ ብትሄጂ አንቺንም ገድዬ ራሴንም አጠፋለሁ» ሲላት በጆሮው ሰምቷል። ባለሱቁ ስልኳን ነጥቆ አስፋልት ላይ ሲከሰክሰው ተመልክቷል። ሠልስት ሳይወጣ ሙሉው ታሪክ አንድ ድንኳን ውስጥ ይሰበሰባል። ታዲያ ድንገት የሆነው ምኑ ነው? ድንገት የሆነው መሰብሰቡ ብቻ ነው። ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ይዞ፣ ገበና ነው ብሎ አፉን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

የለቅሶ ቤት ወሬ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ዣክሊን ካምቤል የምትባል አሜሪካዊት የነርሲንግ ምሁር ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ በ11 ከተሞች ባል፣ ፍቅረኛ ወይም የቀድሞ ባል የገደላቸውን 220 ሴቶች ታሪክ ወስዳ፣ ጥቃት ደርሶባቸው በሕይወት ካሉ 343 ሴቶች ታሪክ ጋር አስተያይታ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። የሞቱትን ከተረፉት የለየው የዱላው ብዛት ብቻ አልነበረም። ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ መኖሩ፣ ከዚያ በፊት በመሣሪያ ማስፈራራቱ፣ «እገድልሻለሁ» ማለቱ፣ በግድ አብሯት መተኛቱ፣ ሰውዬው ሥራ ማጣቱ፣ ከሌላ የወለደችው ልጅ አብሯቸው መኖሩ፤ በተለይ ደግሞ መውጫ መግቢያዋን የሚቆጣጠረውን ሰው ጥላ መውጣቷ። ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ባሏ ወይም ፍቅረኛዋ ከዚያ በፊት አንገቷን አንቋት የሚያውቅ ሴት በእሱ እጅ የመሞት ዕድሏ ከሰባት እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳየ። እንግሊዛዊቷ ጄን ሞንክተን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሥራ 372 ግድያዎችን መርምራ መንገዱን በስምንት ደረጃ ዘርዝራዋለች፤ ከግድያው ፊት ያለው ደረጃ ዕቅድ ነው። ቀን መምረጥ፣ መሣሪያ ማዘጋጀት፣ የምትውልበትን ማጥናት። «ደሙ ፈልቶ ነው» የምንለው ሰው ደሙ ቀዝቅዞ ሲያሰላ የከረመ ሰው ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ወደ 51,100 ሴቶችና ልጃገረዶች በባላቸው፣ በፍቅረኛቸው ወይም በቤተሰባቸው አባል ተገድለዋል፤ በቀን 140 ማለት ነው። በቁጥርም ሆነ ከሕዝብ ብዛት አንጻር የከፋው አህጉር የእኛው አፍሪካ ነው፤ ወደ 21,700። ፈረንጅ ያጠናው እሱም ስለሚገድል ነው። እኛ ደግሞ እየገደልን አናጠናም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። አንድ ጊዜ ከተበዳይ ወገን ሆኜ ሽምግልና ተቀምጫለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ሰፈሩን አልጠራም። ሰውዬው ድንጋይ ተሸክሞ ገባ፤ እንደ ወጉ። ጎንበስ ብሎ የእናቷን ጉልበት ሳመ። ገና ከጅምሩ የቤቱ ግማሽ ዕንባ በዕንባ ሆነ። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ፤ የተጠየቀችው ግን እሷ ናት። ማታ ማታ ለምን ታመሻለሽ? ስልክሽን ለምን ቆለፍሽበት? እሱ ሲናደድ ብታልፊው ምን ነበረበት? እሱን የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ጠጥተህ ነበር?»። ነበር። እፎይ ተባለ፤ ጥፋተኛው ተገኘ፤ አረቄው። እሷ ቀስ ብላ «አንቆኛል፤ ዓይኔ ጨልሞብኝ ነበር» አለች። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «ያዝ አደረገኝ በይ ልጄ፤ ማነቅ ትልቅ ነገር ነው» አሉ። እኔ አፌን ስከፍት «አንቺ ልጅ፣ እሳት ላይ ጋዝ አታርከፍክፊ» ተባልኩ።

አዎ አባቴ፣ ማነቅ ትልቅ ነገር ነው። ለዚያ ነበር የተናገረችው።

የዕርቁን ውል ልንገራችሁ። እሱ አረቄ ይተዋል። እሷ ሳታስፈቅድ እህቷ ቤት አትሄድም፤ ጠብ ቢነሣ ሰው ከማሰማቷ በፊት ለሽማግሌ ትናገራለች፤ ጣቢያ የከፈተችውን ክስ ታነሣለች። አንብቡት እስቲ ደግማችሁ። አረቄውን ማቆሙን የሚቆጣጠር ማንም የለም። እህቷ ቤት መሄዷን የሚቆጣጠረው ግን ራሱ ነው። የሸሸችበትን አንድ በር በምርቃት ዘግታችሁ፣ ቁልፉን ለእሱ ሰጥታችሁ ወጣችሁ። ያቺ ሴት ዛሬ በሕይወት አለች። ያተረፋት ግን ዕርቁ አይደለም፤ አንድ ሰኞ ለማንም ሳትናገር ልጇን ይዛ ወደ ሌላ ከተማ መጥፋቷ ነው።

ባልና ሚስት በቤት ወጪ፣ በአማች፣ በልጅ ትምህርት ቢጣሉ ታረቁ በሏቸው፤ ደስ ይለኛል፣ ቡናውንም እኔ አፈላለሁ። አንገት ከታነቀ፣ ቢላ ከተመዘዘ፣ «እገድልሻለሁ» ከተባለ በኋላ ግን ዕርቅ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ሰዓት ሴትየዋ የሕይወቷ አደገኛው ምዕራፍ ላይ ናት፤ ጥላ የወጣችበት ሰሞን ነው። እናንተ የምትደርሱት በትክክል ያን ሰሞን ነው። የምታደርጉትም የት እንዳለች ፈልጎ ማግኘትና ለእሱ ማሳወቅ ነው። እሱ ብቻውን ሊያገኛት ያልቻለውን እናንተ ታገኙለታላችሁ።

ሕጉም ከጎናችሁ ቆሞላችኋል፤ ይህንንም ደፍሮ መናገር ነው። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ሚስት ፍቺ ስትጠይቅ ዳኛው መጀመሪያ ያግባባል፤ ካልሆነ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ መላክ ይችላል፤ ያም ካልሠራ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ መስጠት ይችላል። ሦስት ወር! ለተኮራረፉ ሰዎች መልካም ነው። ሊገድላት የዛተ ሰው ላላት ሴት ግን ይህ ቀነ ቀጠሮ ነው፤ እሱ መቼና የት ችሎት እንደምትቆም እያወቀ፣ እሷ እንድታስብበት እየተነገራት።

የወንጀል ሕጉስ? የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል ነው ብሎ በግልጽ አስቀምጧል፤ ለዚያ የታገሉ ሴቶች ይመስገኑ። ነገር ግን ቅጣቱን የሚመራው ወደ ተራ የአካል ጉዳት አንቀጾች ነው፤ ቀላሉ ጉዳት ደግሞ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው። አቤቱታዋን ካነሣች ፋይሉ ይዘጋል። እናንተ «ክሱን አንሺው» የምትሏት እዚህ ጋ ነው የሚሠራው። ጣቢያ ያለው መርማሪም «የቤት ጉዳይ ነው፣ ሄዳችሁ ተነጋገሩ» ሲል ከእናንተ ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራል። በጋብቻ ውስጥ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈር ደግሞ ጭራሽ በሕጉ ወንጀል አይደለም፤ አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጪ» ብሎ በሩን ዘግቶታል። ካምቤል የሞት ምልክት ብላ ከመዘገበቻቸው አንዱን የእኛ ሕግ የባል መብት አድርጎ ይዞታል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን እግዱ ነው። ባልና ሚስት ሲፋቱ «ቤቱ እንዳይሸጥ፣ መኪናው ስሙ እንዳይዛወር ይታገድልኝ» ብለሽ አቤት ብትይ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መንገዱን አበጅቶልሻል፤ ትእዛዙ ይወጣል፣ ወረዳና መንገድ ትራንስፖርት ይላካል፣ የጣሰ ይጠየቅበታል። «ይህ ሰው ከቤቴና ከሥራ ቦታዬ እንዳይደርስ ይታገድልኝ» ብለሽ ብትጠይቂስ? ለዚህ የወጣ ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የለንም። ፍቺ የሚያየው ዳኛ ከባልና ሚስቱ ማን ከጋራ ቤቱ ይውጣ የሚለውን መወሰን ይችላል፤ ወጣ የተባለው ሰው ማታ ተመልሶ በሩን ቢደበድብ ግን ትእዛዙን ይዞ የሚቆምላት የለም። መኪናው ከአንገቷ የተሻለ ጠባቂ አለው።

ከሞተች በኋላ ደግሞ አንቀጽ 541 ይጠብቃታል። አስቦና ጨክኖ የገደለ እስከ ዕድሜ ልክ፣ እስከ ሞት ይቀጣል። በከባድ ቁጣ ወይም ሁኔታው ይቅርታ ሊያሰጠው በሚችል የስሜት ግንፋሎት የገደለ ግን ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይወጣል። ሚስቱን የገደለ ሰው ጠበቃ ይህን በር ሳያንኳኳ አያልፍም። «ቀናሁ»፣ «ከሌላ ጋር አየኋት»፣ «ተሳደበችኝ»። ሟች ተነሥታ «ዋሸ» አትልም። ባህላችን ነው እያላችሁ ለምትከራከሩ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ የቀድሞውን የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የሚባሉ ስዊዛዊ ምሁር ናቸው፤ በስሜት ተገንፍሎ ለገደለ ሰው ቅጣት ማቅለል የአገራቸውም ሕግ የሚያውቀው ነገር ነው። የወንድ ቁጣን መንከባከብ የአንድ አገር ባህል ብቻ አይደለም።

በእናንተ ብቻ እንዳልፈርድ፣ ወደ እናቶችም ልሂድ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል ወይም አልተኛም ብትለው ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ወይ ተብለው የተጠየቁ ሴቶች 63 በመቶዎቹ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት አዎ ብለዋል። ወንዶቹ? 28 በመቶ። ይህን ቁጥር ይዘው «አያችሁ፣ ራሳቸው ይወዱታል» የሚሉ ቀልደኞች አጋጥመውኛል። እኔ የምሰማበት ሌላ ነገር ነው። ወንዱ ሳይመልስ ቢቀር የሚያጣው ነገር የለም። ሴቲቱ ግን ስትመልስ የኖረችበትን ቤት ሒሳብ ነው የምታወራርደው፤ እናቷ «ቻይው ልጄ፣ እኔም ችዬ ነው እዚህ የደረስኩት» ያለቻትን። ዱላው ተገቢ አይደለም ካለች፣ የእናቷ ዕድሜ ሁሉ በከንቱ የተቆጠረ ሊሆን ነው። በዚያው ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ለማን ይናገሩ?

እድሩስ? እድራችን ስትሞት ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበር ያወጣል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። በሕይወት ሳለች ለአውቶቡስ፣ ለአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚሆን መስመር በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አለ? የሰፈሬን ደንብ አንብቤዋለሁ፤ የለም። መዋጮዋን ስትከፍል የኖረችው ለመቀበሪያዋ ብቻ ነው።

«ድህነት ነው፣ መጠጥ ነው፣ ጦርነቱ ያመጣው ነው» ትሉኛላችሁ። ያባብሱታል፣ አልክድም። ከግንባር የተመለሰ ክላሽ አልጋ ሥር ሲያድር ምን እንደሚሆን ጥናት ማንበብ አያሻም። ነገር ግን ድሀ ሁሉ አይገድልም፤ ሰካራም ሁሉ አይገድልም። የሚገድለው «የኔ ናት» ብሎ የሚያምነው ነው፤ ንብረቱ ተነሥቶ በሁለት እግሩ ሲሄድ ያየው። «የኔ ካልሆንሽ የማንም አትሆኚም» የምትለዋን ዛቻ ዘፈን አድርገን፣ የፍቅር ልክ አድርገን አሳድገናታል። ቅናት የፍቅር ቅመም ነው ብለን ወንዶቻችንን የመገብነው እኛው ነን።

ባህር ማዶ ያለው ሕግ ሁሉን ይፈታል ብዬም አላታልላችሁም። እስራኤልን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተጓጉዘው ገቡ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት የቤተሰብ ውስጥ ጥቃትን የሚከላከል ሕግ አወጣ፤ የእኛ ፍርድ ቤቶች የሌላቸው የጥበቃ ትእዛዝ እነሱ ጋ አለ። እንዲያም ሆኖ በባላቸው ከተገደሉት የአገሪቱ ሴቶች መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆች ድርሻ ከቁጥራቸው ጋር በማይመጣጠን ሁኔታ ከፍ ብሎ ቆየ። ሴቷ ፈጥና ሥራ ያዘች፣ ቋንቋውን ለመደች፣ የራሷን ደመወዝ ተቀበለች። አባወራው መሬቱንም፣ ክብሩንም፣ በቃሉ የሚያድሩ ሽማግሌዎቹንም ባንዴ አጣ። እሷ ፍቺ ስትጠይቅ የመጨረሻው ንብረቱ የሄደ መሰለው። የዚያ አገር ጋዜጦች «የኢትዮጵያውያን ባህል ነው» ብለው ሲዘጉት ሴቶቹ ተቆጡ፤ እኔም እቆጣለሁ። ባህል ከሆነ፣ ከጎንደር የመጡት እናቶችም ልጆቻቸውም ያደጉት በዚያው ባህል ነው፤ ማንንም አልገደሉም። ግን ደግሞ በዕብራይስጥ የተጻፈ ትእዛዝ፣ ዕብራይስጥ ለማታነብ ሴት ወረቀት ብቻ ነው። ሕግ የሚያድነው በደጇ የሚቆም ሰው ሲኖረው ነው።

«ሽምግልና ከጥንት የመጣ ነው፣ አትንኩት» ለሚሉ ጠለፋን ላስታውሳቸው። ልጅቷ ከወንዝ ዳር ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ በማግስቱ ሽማግሌ አባቷ ቤት ደርሶ ጠላፊውን አማች ያደርገው ነበር። ያኔም «ባህል ነው፣ እንታረቅ» ነበር ቃሉ። የድሮው ሕግ እንኳ ካገባት ይተወው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰች የ14 ዓመት ልጅ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ቆመውላት፣ ራሷን ተከላክላ ነው ተብላ ነፃ ወጣች። ዛሬ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ማግባቱም አያድነውም። ሽማግሌው ያኔ የነበረውን ሥራ አጣ፤ ሰማይ አልወደቀም።

በማሪያ ሙኒር የተመሠረተውን የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ሥራ እዩ። እንዲህ ያለ መጠለያ ለሸሸች ሴት ምግብ፣ ሐኪም፣ የሕግ ምክር ይሰጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምስጢር መጠበቁ ነው፤ እሱ የት እንዳለች አያውቅም። በአገሪቱ ያሉት መጠለያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሽማግሌ ግን በየቀበሌው ሞልቷል። ይህ ሁሉ ሽማግሌ የመጠለያውን ሥራ ግማሽ ቢሠራ ስንት ሴት በተረፈች!

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲጠሯችሁ፣ ነጠላችሁን ከማጣፋታችሁ በፊት እሷን ለብቻዋ፣ እሱም ቤተሰቡም በሌሉበት ጠይቋት። አንቆሽ ያውቃል? በቢላ ወይም በመሣሪያ አስፈራርቶሽ ያውቃል? እገድልሻለሁ፣ ራሴንም አጠፋለሁ ብሏል? በግድ አስተኝቶሻል? ይከታተልሻል? ለአንዱ እንኳ አዎ ካለቻችሁ ሽምግልናችሁ አብቅቷል፤ አስታራቂ መሆናችሁ ቀርቶ ምስክር ሆናችኋል። ለአንገቷ ሐኪም ቤት ውሰዷት፤ የታነቀ ሰው በማግስቱም ሊወድቅ ይችላል፣ ማስረጃውም ከሰንበሩ ጋር ይጠፋል። ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ፤ «የቤት ጉዳይ ነው» የሚላት መርማሪ እስቲ በዚያ በሚከበረው ጢማችሁ ፊት ይበላት። ክሱን አንሺ አትበሏት። ለእድሩ ሰብሳቢ ደውላችሁ ለኪራይ የሚሆን ገንዘብ አሁኑኑ፣ በቁሟ እንዲያወጣ ጠይቁት።

ሰውዬው መጥቶ «የት ናት?» ቢላችሁ አታውቁም። ቢያለቅስ አታውቁም። ጉልበታችሁን ቢስም፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችሁ ላይ ቢያድር፣ የልጆቼ እናት ናት ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ አታውቁም።